ሶኒ 200-600 ሌንስ ለጭላዳ ቀረጻ፦ በወሎ ደጋ የት ያገለግላል፣ የት ይደክማል

ይህን ሌንስ የሚገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ ዓይኑ የሚያርፈው 600 የሚለው ቁጥር ላይ ነው፤ ቁጥሩ በሚሊ ሜትር ሲሆን በጨመረ መጠን ሌንሱ ሩቁን ያቀርባል፣ እይታውንም ያጠብባል። አፋፍ ላይ ሲወጣም ዙሙን እስከ ጥግ ያዞርና የአንድ አውራ ጭላዳ ፊት ፍሬሙን ሞልቶ ያመጣል። ምስሉ ያምራል። ስለ ጭላዳ ማኅበራዊ ኑሮ ዘጋቢ ፊልም ለሚሠራ ሰው ግን ዋናው ነገር ያለው በሁለት ወይም በሦስት እንስሳት መካከል ነው፤ ማን ማንን ቀመለ፣ ማን ለማን መንገድ ለቀቀ፣ እናቲቱ ግልገሏን ይዛ ወደ ማን ተጠጋች። ይህ ሁሉ በአብዛኛው የሚያዘው ከ200 እስከ 400 ባለው ነው። ሌንሱን ከዚህ አንጻር ስንመዝነው በወሎ ተራሮች ላይ ከሞከርናቸው ውስጥ ለዋጋው የሚተካከለው አላገኘንም። ጉድለቱ ግን ጥቂት አይደለም፤ ሳያውቁ ይዘውት የወጡ ሰዎች ቀኑን ሙሉ ሲቸገሩ ይውላሉ።

ሙሉ ስሙ ሶኒ ኤፍኢ 200-600 ሚሜ ኤፍ 5.6-6.3 ጂ ኦኤስኤስ ነው። በፈረንጆቹ 2019 ሲወጣ ዋጋው 2,000 ዶላር ገደማ ነበር። ያለ ትራይፖድ እግሩ (ሌንሱ ከትራይፖድ ጋር የሚያያዝበት ቁራጭ) 2,115 ግራም ይመዝናል፤ ርዝመቱ 31.8 ሴንቲ ሜትር፣ ፊልተሩ 95 ሚሜ ነው። እዚህ የምንጽፈው ሁሉ ከሶኒ ኤ7 ፎር ካሜራ ጋር ሲገጠም ነው፤ አገራችን ውስጥ ሰርግም ማስታወቂያም የሚቀርጹ ልጆች እጅ በብዛት የሚገኘው እሱ ስለሆነ።

ስለ ሌንሱ ከማውራት በፊት ስለ ብርሃን ማውራት ያስፈልጋል። በታንዛኒያው ጎምቤ ወይም በኡጋንዳው ኪባሌ የዱር ቺምፓንዚ ኑሮ የሚቀርጹ ባለሙያዎች ትልቁ ፈተናቸው የጫካው ጥላ ነው። ቅጠሉ ተደራርቦ እኩለ ቀን ላይ እንኳ ስለሚጨልም እስከ ኤፍ 2.8 ወይም ኤፍ 4 የሚከፈት (የኤፍ ቁጥር ሲያንስ የሌንሱ ቀዳዳ ሰፍቶ ብርሃን ይበዛል) ውድ ሌንስ የግድ ይሆንባቸዋል። ቺምፓንዚ ደግሞ ሲበተንና ሲሰበሰብ የሚውል እንስሳ ነው፤ ጠዋት አብረው የነበሩት ከሰዓት በኋላ በየአቅጣጫው ይሄዳሉ። ቀራጩም የሰው ጉንፋን እንዳያጋባቸው አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ፣ ርቀቱን ጠብቆ በእግሩ ይከተላል። የእኛ ጭላዳ በብዙ ነገር የዚህ ተቃራኒ ነው። ሣር በል ስለሆነ የሚውለው ገላጣ ሜዳ ላይ ነው፤ ሲመሽ ገደል ወርዶ ያድራል፣ ሲነጋ ደግሞ ወደ አፋፉ ይወጣል። አንድ አውራና ጥቂት ሴቶች ከነልጆቻቸው አንድ ቤተሰብ ናቸው፤ ቤተሰቦቹ ተሰባስበው አንዳንዴ ብዙ መቶ የሚሆን መንጋ ይፈጥራሉ። ሴት የሌላቸው ወንዶች ለብቻቸው ተቧድነው ዳር ዳሩን ይዞራሉ። ይህ ሁሉ በጠራ ፀሐይ፣ ያለ ቅጠል መጋረጃ ይታያል። ስለዚህ ኤፍ 6.3 ለቺምፓንዚ ጫካ የማያዋጣ ጨለማ ቢሆንም ለወሎ ደጋ ይበቃል፤ ይህን ሌንስ እዚህ የምንመክረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ርቀቱም ሌላ ጉዳይ ነው። ስሜን ተራሮች ላይ ጭላዳው ከጎብኚና ከተመራማሪ ጋር ለረጅም ዘመን ስለኖረ ጥቂት ሜትሮች ላይ ቢቀመጡበት ሣሩን መንቀሉን አይተውም። ያንን ቪዲዮ አይቶ አጭር ሌንስ ይዞ አቡነ ዮሴፍ ተራራ የሚወጣ ወይም ከመካነ ሰላም ተነሥቶ ቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ፓርክ የሚገባ ሰው ያዝናል። በወሎ ብዙ ቦታ የጭላዳው ሜዳ ከገብስ ማሳ ጋር የተያያዘ ነው። እሸት ሲደርስ ልጆች ወንጭፍ ይዘው ይጠብቃሉ፤ ጭላዳውም ሰው ሲያይ ገና በሩቁ ወደ ገደሉ ማለት ይጀምራል። ከማሳ ራቅ ባለውና ጥበቃ ባለበት ከ40 እስከ 60 ሜትር መቅረብ ይቻላል፤ ማሳ ዳር ግን 100 ሜትርም ሊያስቸግር ይችላል። ባለ ማሳውን ሳያናግሩ ትራይፖድ መዘርጋት ደግሞ ነውር ነው። «ጋሼ፣ ማሳዎ ዳር ብንቀመጥ ይፈቅዱልናል? የሚያድሩበትስ ገደል የትኛው ነው?» ብሎ መጀመር ነው፤ የማደሪያውን ገደል ከእርሳቸው የተሻለ የሚያውቅ የለም።

ፍሬሙን በሂሳብ ማየት ይጠቅማል። እንደ ኤ7 ፎር ባለ ሙሉ ፍሬም ካሜራ (ሴንሰሩ 36 ሚሜ ገደማ ስፋት ያለው) 600 ላይ የሚታየው ስፋት በ50 ሜትር ርቀት 3 ሜትር፣ በ100 ሜትር 6 ሜትር ነው። ሲቀማመሉ የተቀመጡ ሁለት ጭላዶች በ50 ሜትር ላይ ከነግልገላቸው በደንብ ይገባሉ፤ ከዚህ ማጥበብ አያስፈልግም። 200 ላይ ደግሞ ከ60 ሜትር ወደ 11 ሜትር የሚጠጋ ስፋት ይገኛል፤ አንድ ሙሉ ቤተሰብ ሣር ሲግጥ የሚይዘው ቦታ ከዚህ ብዙም አይበልጥም። ማለትም አንድ ቦታ እንደተቀመጡ፣ ትራይፖዱን ሳያንቀሳቅሱ፣ ከእጅ ጣት እስከ ቤተሰብ መሄድ ይቻላል። ለጠቅላላው መንጋና ለገደሉ ግን 200 ጠባብ ነው፤ 24-70 ወይም 24-105 የገጠመ ሁለተኛ ካሜራ ከጎን መኖር አለበት።

ሌንሱን ለቪዲዮ ተመራጭ የሚያደርገው አንድ ትልቅ ነገር ዙም ሲደረግ አለመርዘሙ ነው። መስታወቱ የሚንቀሳቀሰው በውስጥ ነው። ፎቶ ለሚያነሳ ሰው ይህ ምቾት ብቻ ሊመስል ይችላል፤ በፍሉድ ሄድ (ካሜራውን ያለ መንቀጥቀጥ ለስላሳ አድርጎ በሚያዞር የትራይፖድ ራስ) ለሚቀርጽ ግን የሥራው ሁሉ መሠረት ነው። ሚዛኑ አንዴ ከተስተካከለ ከ200 ወደ 600 ሲሄዱ ካሜራው አፍንጫውን አይደፋም። የዙም ቀለበቱ አጭርና ለስላሳ ስለሆነም በሁለት ጣት ተይዞ ከአንድ ጥግ እስከ ሌላው ይደርሳል። ሁለት ሴቶች እየተቀማመሉ ሳለ ሦስተኛዋ ከግራ ስትመጣ ሪከርዱን ሳያቋርጡ አስፍቶ መቀበል ይቻላል። ይህ አንድ ቅጽበት ነው ትዕይንቱን ማኅበራዊ የሚያደርገው፤ 600 ቋሚ ሌንስ የያዘ ሰው ሦስተኛዋን የሚያያት ፍሬሙ ውስጥ ከገባች በኋላ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ሌንሱ 200 ላይ ኤፍ 5.6 ይከፈታል፤ 300 አካባቢ ካለፈ በኋላ ወደ ኤፍ 6.3 ይጠባል። ኤፍ 5.6 ላይ ትቶ እየቀረጸ ዙም ያደረገ ሰው መሀል ላይ ምስሉ ጨለም ሲልበት ያያል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከመጀመሪያው ኤፍ 6.3 ላይ አድርጎ መተው ነው። የሚጠፋው የሲሶ ስቶፕ ብርሃን ነው (አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑ እጥፍ ሲሆን ወይም በግማሽ ሲቀንስ ነው)፤ አይቆጭም።

የትራይፖድ እግሩ ደካማ ጎኑ ነው። አብዛኛው ሰው የሚጠቀመው የአርካ ዓይነት መያዣ (ትራይፖዱ ራስ ላይ ፕሌት ገብቶ የሚቆለፍበት) ቀጥታ አይቀበለውም፤ ፕሌት መጨመር ወይም እግሩን ራሱን በሌላ መተካት ያስፈልጋል። ፕሌቱ ረጅም ቢሆን ይመረጣል፤ ካሜራው፣ ማይኩና መቆጣጠሪያው ሲጨመሩ የክብደቱ መሀል ወደ ኋላ ስለሚሳብ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚገፋበት ቦታ ይፈልጋል። ሌንሱና ካሜራው ብቻ 2.8 ኪሎ ገደማ ናቸው፤ ከተጨማሪው ጋር ከ3 ኪሎ በላይ ይሆናል። ፍሉድ ሄዱ ቢያንስ ከ4 እስከ 5 ኪሎ በሚዛን የሚሸከም መሆን አለበት። ለፎቶ የሚሠራው ኳስ ሄድ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ፓን ሲደረግ፣ ማለትም ካሜራው ወደ ጎን ሲዞር፣ ምስሉ ይዘላል።

የወሎ አፋፍ ነፋስ ደግሞ በሰው ዘንድ ተገቢውን ግምት ያላገኘ ጠላት ነው። 600 ላይ ትራይፖዱ በክር ስፋት ቢነቃነቅ ምስሉ ይናወጣል። ትልቁ የፀሐይ መከላከያ ሁድ ነፋሱን እንደ ሸራ ይይዛል፤ ፀሐይ ከጀርባ ከሆነች ማውለቅ ይሻላል። የመሀል ዘንጉን ጨርሶ አለማውጣት፣ እግሮቹን አሳጥሮ መሬት ላይ ተቀምጦ መቅረጽ፣ ቦርሳውን ከትራይፖዱ ሥር አንጠልጥሎ መሬት እንዲነካ ማድረግ ነው። ዝቅ ብሎ መቀመጥ ለጭላዳውም ይመቸዋል፤ የቆመ ሰው ያስበረግገዋል። አንድ ነገር ደግሞ በጥብቅ ይጠበቅ፦ በጭላዳውና በገደሉ መካከል ፈጽሞ አይቀመጡ። ገደሉ መሸሻው ነው። መሸሻው ከተዘጋበት ቀኑን ሙሉ አይረጋም፤ ቀረጻውም ያኔውኑ አበቃ። የመንቀጥቀጥ መከላከያውን በተመለከተ ሌንሱ ሦስት ሞድ አለው። ሞድ 1 ካሜራው ቆሞ ሲቀርጽ፣ ሞድ 2 ፓን ሲደረግ ያገለግላል፤ ሞድ 3 ለፎቶ የተሠራ ስለሆነ ለቪዲዮ አይጠቅምም። ነፋስ በሌለበት ትራይፖዱ ተቆልፎ ሲቀመጥ መከላከያውን ማጥፋት ነው፤ ካልጠፋ ምስሉ በዝግታ የሚንሳፈፍበት ጊዜ አለ።

አሁን ወደ ዋናው ራስ ምታት እንምጣ፤ ብርሃን ሲበዛ። በሰከንድ 25 ፍሬም ሲቀረጽ ሹተሩ (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) 1/50 ሰከንድ መሆን አለበት። የጭላዳ እጅ ሣር ሲነቅል እጅግ ፈጣን ነው፤ አውራ ጣትና ሌባ ጣት እየተቀባበሉ ሁለቱም እጅ በየተራ ይሠራሉ። ሹተሩ 1/500 ላይ ከተቀረጸ ጣቶቹ እየተቆራረጡ ይዘላሉ፤ ዓይንን ያደክማል። 1/50 ላይ ግን እንቅስቃሴው እንደሚታየው ይፈስሳል። ችግሩ በጠራ ፀሐይ በኤፍ 6.3 እና በ1/50፣ ኤስ-ሎግ3 (ቀለሙ በኋላ እንዲስተካከል ምስሉን አደብዝዞ የሚያስቀምጥ የሶኒ አቀራረጽ) በሚጠይቀው አይኤስኦ (የካሜራው የብርሃን ስሜት) 800፣ ምስሉ ከ6 ስቶፕ በላይ በብርሃን ይቃጠላል። ኤንዲ 64 ወይም ኤንዲ 128 ፊልተር (ሌንሱ ፊት ገብቶ ብርሃን የሚቀንስ ጥቁር መስታወት) ያስፈልጋል ማለት ነው። በ95 ሚሜ መጠን ጥሩ ኤንዲ ውድ ነው። ርካሹን የሚሽከረከር ኤንዲ ግን አንመክርም፤ በረጅም ሌንስ ላይ ምስሉን ያለሰልሳል፣ ጥግ ሲደርስም በፍሬሙ ላይ የመስቀል ቅርጽ ጥላ ይጥላል። ቋሚ ኤንዲ 64 አንድ፣ ኤንዲ 16 አንድ ይበቃል። ኤንዲ 16ቱ ሎግ ለማይቀርጹ ነው። ኤስ-ሲኔቶን (ቀለሙ ተስተካክሎ የሚወጣ የሶኒ አቀራረጽ) በዝቅተኛ አይኤስኦ ስለሚሠራ 4 ስቶፕ መቀነስ ይበቃዋል፤ ቀለም ለማስተካከል ጊዜና ልምድ ለሌለው ሰው እንዲያውም የተሻለ ምርጫ ነው። በማግኔት የሚለጠፍ መያዣ ከተገኘ ይገዛ፤ በቀዘቀዘ ጣት የ95 ሚሜ ጥርስ ማጠማዘዝ ለመስታወቱም አደጋ ነው።

የወሎና የሸዋ ጭላዳ ከስሜኑ ጠቆር ይላል። ጥቁር ጠጉር፣ ከበስተጀርባው የደረቀ ነጭ ሣር፣ ካሜራው ብቻውን ከተተወ ሣሩን አይቶ ያጨልማል፤ ፊቱ ከሰል ይሆናል። በኤስ-ሎግ3 ካሜራው ከለካው ብርሃን ከ1 እስከ 1.7 ስቶፕ ከፍ አድርጎ፣ ዚብራውን (በጣም የበራውን ቦታ ስክሪኑ ላይ በመስመር የሚያሳየውን ምልክት) 94 ላይ አስቀምጦ ሣሩ እንዳይቃጠል እየጠበቁ መቅረጽ ነው። ነጭ ሚዛኑን (ካሜራው ቀለሙን እንደ ብርሃኑ ዓይነት የሚያስተካክልበትን) በአውቶ መተው ደግሞ በዚህ እንስሳ ላይ ከሌላው የከፋ ጥፋት ነው። የወንዱ ደረት ላይ ያለው ቀይ ቆዳ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ቤተሰብ የሚመሩ ወንዶች ደረት ከሌሎቹ ወንዶች ቀልቶ እንደሚገኝ ተመራማሪዎች ስሜን ላይ ለክተው አሳይተዋል። አውቶው ከትዕይንት ወደ ትዕይንት ቀለሙን ከለዋወጠው ይህን ተመልካቹ ሊያነበው አይችልም። 5,500 ኬልቪን አካባቢ አስሮ መተው ነው። ቀጥታ ፀሐይ ላይ ቀዩ ቶሎ ስለሚሞላ የቀለም ጥልቀቱንም ዝቅ ማድረግ ይጠቅማል።

ፎከሱ ፈጣንና ድምፅ የሌለው ነው። ኤ7 ፎር በቪዲዮም የእንስሳ ዓይን ይለያል፤ ነገር ግን የጭላዳን ፊት ሁልጊዜ አያውቀውም። ጎፈሩ በነፋስ ሲበተን፣ ወይም ራሱን አቀርቅሮ ሲግጥ ፎከሱ ከፊቱ ወዳለው የሣር ጫፍ ይዘላል። ሌንሱ ጎን ላይ ያለውን የርቀት መገደቢያ ከ10 ሜትር እስከ ማለቂያ የሌለው (∞) የሚለው ላይ ማድረግ ግማሹን ችግር ይፈታል፤ ከካሜራው አጠገብ ያለው ሣር ያኔ አያታልለውም። በካሜራው ውስጥ ደግሞ የፎከስ ማሸጋገሪያ ፍጥነቱን 4 ወይም 5፣ ወደ ሌላ ነገር የመዝለል ስሜቱን 1 ወይም 2 ማድረግ ነው። ሌንሱ ላይ ያሉት ሦስት ቁልፎች አንዱን ከአውቶ ወደ እጅ ፎከስ መቀየሪያ አድርጎ መመደብ ይገባል፤ ሁለት እንስሳት ተቀምጠው ሲቀማመሉ ፎከሱን አስሮ መተው ከሁሉ ይበልጣል። የጥርት ጥልቀቱ (ከፊት እስከ ኋላ ጥርት ብሎ የሚወጣው ርቀት) በ600፣ በኤፍ 6.3፣ በ50 ሜትር ወደ 2 ሜትር ተኩል ነው፤ ሁለቱም ጥርት ብለው ይወጣሉ። በ20 ሜትር ግን 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ የምትቀመለዋ ዓይን ሲጠራ የቀማይቷ ፊት ይደበዝዛል። ቅርብ ከሆነ ወደ ኤፍ 9 ወይም ኤፍ 11 መዝጋት ነው፤ በዚያ ፀሐይ ብርሃን አይጎድልም።

ሰዓቱን በተመለከተ ተፈጥሮ ለቀራጭ አድልታለች። ጭላዳው ከገደል የሚወጣው ፀሐይ አፋፉን ስታሞቀው ነው፤ ከጠዋቱ 1 ሰዓት በኋላ። ወጥቶም ወዲያው አይግጥም። ፀሐይ እየሞቀ ይቀማመላል፣ ግልገሎች ይላፋሉ፣ ጥልም እርቅም የሚበዛው ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ ቀኑ የግጦሽ ነው። ከ3 ሰዓት ተኩል ወይም ከ4 ሰዓት በኋላ ደግሞ መሬቱ ሲሞቅ አየሩ ይንቀጠቀጣል፤ በ100 ሜትር ርቀት 600 ላይ የተቀረጸው ሁሉ በውኃ ውስጥ እንደሚታይ ይሆናል። ይህን ሌንሱ ላይ የሚያሳብቡ ሰዎች አሉ፤ ሌንስ ቀይሮ የሚመጣ ለውጥ የለም። 1.4 እጥፍ ቴሌኮንቨርተር (በሌንሱና በካሜራው መካከል ገብቶ የሚያጎላ መስታወት) መጨመር ደግሞ 840 ሚሜ በኤፍ 9 ያደርገዋል፤ የሚያጎላው ይህንኑ መንቀጥቀጥ ነው፤ ገንዘቡን ለኤንዲና ለፍሉድ ሄድ ያውሉት። ወደ ማታ ከ10 ሰዓት ተኩል በኋላ ሁለተኛው መልካም ጊዜ ይመጣል። በወቅት ደረጃ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥር ጥሩ ነው። ወሎ የበልግ አገር ስለሆነ ከየካቲት ጀምሮ ጭጋግና ዝናብ ሊጠበቅ ይገባል።

የዝግታ ቀረጻ የሚፈልግ ሰው አንድ ነገር ይወቅ። ኤ7 ፎር በ4ኬ 50 ፍሬም ሲቀርጽ ምስሉን 1.5 እጥፍ ይቆርጣል፤ 200ው 300፣ 600ው 900 ሆኖ ይቆጠራል። አውራው የላይ ከንፈሩን ገልብጦ ድዱንና ጥርሱን የሚያሳይበት ቅጽበት አፍታ ብቻ ስለሆነ 50 ፍሬም ይገባዋል። ለቤተሰብ ትዕይንት ግን ቁርጡ ይጎዳል፤ ወደ 25 መመለስ ነው። ካሜራው ሪከርድ ከመጫን በፊት ያለውን ሰከንድ የሚያስቀምጥበት መንገድ የለውም፤ ስለዚህ ሴት የሌላቸው ወንዶች ቡድን ወደ አንድ ቤተሰብ ሲጠጋ ካዩ ዝም ብሎ ማስኬድ ነው። በ25 ፍሬም፣ በ10-ቢት ቀለም፣ በሰከንድ 140 ሜጋቢት ሲቀረጽ አንድ ሰዓት 63 ጊጋባይት ይወስዳል። ባለ 128 ካርድ ሁለት ሰዓት ገደማ ይይዛል፤ ጠዋቱን ለመሸፈን ሁለት ካርድ በቂ ነው።

ይህ የወንዶች መጠጋት ነገር ለፊልሙ ከሁሉ ይበልጣል፤ ለዚህ ደግሞ እንስሳቱን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። አዲስ ወንድ ቤተሰቡን ሲነጥቅ የድሮው አውራ ግልገሎች ሊገደሉ ይችላሉ። በፈረንጆቹ 2012 የወጣ የስሜን ጥናት ከነጠቃ በኋላ እርጉዝ ከነበሩት ሴቶች 80 በመቶ ያህሉ ፅንሳቸው እንደተቋረጠ አሳይቷል። ይህን ታሪክ መናገር የሚቻለው የትኛዋ እናት የትኛውን ግልገል ይዛ እንደነበር ከነጠቃው በፊት ተቀርጾ ከተገኘ ብቻ ነው። መለያ ምስል ለመያዝ ቪዲዮው አይበቃም። በ100 ሜትር 600 ላይ 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ፊት በ4ኬ ቪዲዮ 96 ፒክሰል ብቻ ነው፤ በካሜራው 33 ሜጋፒክሰል ፎቶ ግን 175 ይደርሳል። የተቀደደ ጆሮ፣ የከንፈር ጠባሳ፣ የደረት ቅርጽ በዚያ ይለያል። ስለዚህ ጠዋት ቀረጻው ከመጀመሩ በፊት ሹተሩን 1/1000 አድርጎ የእያንዳንዱን ፊት ፎቶ ማንሳትና በቤተሰብ መድቦ ማስቀመጥ ነው። ይህ ሌንስ ለዚያ ሥራ ያለ ማጋነን ምርጥ ነው፤ 600 ላይ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ እንኳ መሀሉ ጥርት ያለ ነው።

ድምፅን ሌንሱ አያመጣም፤ የ50 ሜትር ምስል ከ50 ሜትር ድምፅ ጋር ባዶ ይሆናል። ጭላዳ ብዙ ተናጋሪ ነው፤ ወንዱ ከንፈሩን እየመታ የሚያወጣው የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ምቱ ከሰው ንግግር ጋር እንደሚቀራረብ ተጠንቷል። ትንሽ ድምፅ መቅጃ ፀጉራም የነፋስ መከላከያ አልብሶ ጎህ ሳይቀድ በሚወጡበት አፋፍ ድንጋይ ሥር አጥብቆ መቅበር ነው። ካሜራው ላይ ያለው ማይክ ለማመሳሰያ ብቻ ይሁን።

ከአቧራ አንጻር ዙሙ በውስጥ መሆኑ እንደገና ይጠቅማል፤ የሚረዝም ሌንስ በገባና በወጣ ቁጥር አየር ከነአቧራው ይስባል። አቧራና እርጥበት መከላከያ አለው፤ ለጭጋግና ለካፊያ ይበቃል፣ ለክረምት ዶፍ ግን ላስቲክ ይልበስ። በበቅሎ ሲጫን ሌንሱና ካሜራው ተለያይተው ይታሰሩ፤ ተያይዘው ሲንገጫገጩ መጋጠሚያው ላይ ጫና ይበዛል። ከውርጭ ወጥቶ እሳት የሚነድበት ቤት ሲገባ ሌንሱን ከነቦርሳው ላስቲክ ውስጥ አስሮ ቀስ ብሎ እንዲሞቅ መተው ነው፤ አለዚያ ጤዛው መስታወቱን ይሸፍነዋል። ባትሪው በቪዲዮ አንድ ሰዓት ተኩል አካባቢ ይሠራል፤ በብርድ ያንሳል፤ ትርፍ ባትሪ ደረት ኪስ ውስጥ ይያዝ። መብራት የለምና በዩኤስቢ ሲ የሚሞላ ፓወር ባንክ ከደሴ ወይም ከላሊበላ ሞልቶ መውጣት ግዴታ ነው። የቀረጻ ፈቃድና የመንገዱ ሰላም ደግሞ ከመነሣት በፊት ተጠይቆ የሚያልቅ ጉዳይ ነው።

ከተፎካካሪዎቹ መካከል የሲግማ 150-600 ስፖርትስ ክብደቱ ተመሳሳይ ነው፤ 150 ላይ መጀመሩ ለቤተሰብ ትዕይንት ይጠቅማል፣ ዙም ሲደረግ ግን ይረዝማል፤ ሚዛኑም ይዛባል። የታምሮን 150-500 ቀለል ያለና ፊልተሩ 82 ሚሜ ስለሆነ ኤንዲው ይረክሳል፤ እሱም ይረዝማል። በእግር ብዙ የሚጓዝና ትራይፖድ የማይወድ ሰው ታምሮኑን ቢይዝ አንቃወምም። ቁጭ ብሎ ጠዋቱን ሙሉ አንድ ቤተሰብ ለሚከታተል ግን የሶኒው ይበልጣል።

ያገለገለ ለመግዛት ለሚያስቡ፦ ከፊት ያለውን መስታወት በስልክ መብራት በጎን ይዩት፤ ጭረቱ በቀጥታ አይታይም። ዙሙን ከጥግ ጥግ አዙሩ፤ መሀል ላይ የሚይዝ ወይም የሚንኳኳ ከሆነ ወድቆ ነበር ማለት ነው። ትራይፖድ ላይ 600 አድርጋችሁ የመንቀጥቀጥ መከላከያውን አብርታችሁ አጥፉ፤ ሲበራ ምስሉ መርጋት አለበት። የሩቅ ጽሑፍ በኤፍ 6.3 ፎቶ አንሥታችሁ የግራና የቀኝ ጥጉን አወዳድሩ፤ አንዱ ወገን ደብዝዞ ሌላው ከጠራ መስታወቱ ከቦታው ተናግቷልና ይቅርባችሁ። የትራይፖድ እግሩ፣ ሁዱና ሁለቱም ክዳኖች መኖራቸውንም አትርሱ፤ የዚህን ሌንስ ሁድ ለብቻው ፈልጎ ማግኘት አድካሚ ነው።